የቅበላው ድኩላ

«ቶሎሳ ጎሚስታው ዐረፈ» ብለው ሲነግሩኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ድንኳኑ ውስጥ ወሬውን የያዘው ማን ነው?» ነበር ያልኩት። መርዶውን ያመጣችልኝ የጎረቤት ልጅ ደንግጣ አየችኝ። ለቅሶ ላይ ወሬ የያዘ ሰው ሟቹን እንደ ልቡ ሰፍቶ እንደሚያወጣው እሷ በምን ታውቃለች?

የፈራሁት አልቀረም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገብቼ ገና ቁጭ ከማለቴ ከወንዶቹ በኩል የድኩላው ታሪክ ተጀመረ። ቶሎሳ ተኩሶ የማይስት አዳኝ ነበር ተባለ። ቶሎሳ የካ ተራራን ከግራዝማች እጅ በአንድ ጥቅሻ አስጣለ ተባለ። የዚያን ቀን እዚያ የነበሩት ቶሎሳ፣ ኑሩና ታደሰ ብቻ ናቸው ተባለ። ታደሰ ባለቤቴ ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና እሱም ዕድሜውን ሙሉ ታሪኩን እንዲሁ ነው ያወራው፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ወጥ እየጨመርኩለት።

እንግዲህ እኔም የማውቀውን ልጻፍ። የግራዝማችንና የፊታውራሪን ስም አልጠራም። የልጅ ልጆቻቸው ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ውሃ ሲጠፋ የምቀዳው ከእነሱ ታንከር ነው። የቀሩትን ግን እጠራለሁ። ቅር የሚለው ካለ ይምጣ፣ ቤቴን ያውቀዋል።

ቶሎሳን አልወደውም ነበር። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ይሻላል፣ በኋላ ላይ የወደድኩት እንዳይመስል።

ኮተቤ መንገድ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነበረችው፤ ጎማ ይለጥፍባታል። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሁልጊዜ ማስቲሽ ማስቲሽ የሚሸት ሰው ነበር። ያገኘውን ነገር ሁሉ በአውራ ጣቱ የመጫን ልማድ ነበረበት። ጎማን ይጫናል፣ ሥራው ነው። እሱ ግን ዳቦም ይጫናል፣ የበግ ላትም ይጫናል፣ የበቅሎ ሆድም ይጫናል። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ሊጠይቀኝ የመጣ ዕለት የሕፃኗን ጉንጭ ጫን አድርጎ ትንሽ አሰበና «ደኅና ተነፍታለች» አለ። ታደሰ ሳቀ። እኔ አራስ ነበርኩ፣ አልሳቅሁም። እስከ ዛሬም አልሳቅሁም።

አባቱ ተራራው ሥር የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። እሱም በኦሮምኛና በአማርኛ እያፈራረቀ፣ በመካከሉ የጣሊያን የመኪና ዕቃ ስም እየጨመረ ያወራል። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቆርቆሮውን ዘግቶ፣ ውጅግራ ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ተራራው ይወጣል። «ተራራ ላይ የታመመ ሰው አይቼ አላውቅም» ይላል። ይህን እየተናገረ ያስለዋል።

ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ጽዱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ የአደን ሰፈር ነበራቸው። ሰፈር ስል አንድ አሮጌ የካሚዮን ሸራ፣ ጥቂት የተነፋ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ እንደ ፍራሽ የሚተኛበት፣ ጥቀርሻ የጠጣ የሻይ ጣሳ ማለቴ ነው። ሦስቱ ወንዶች ይህን ቦታ ሲያወሩት ግን ቤተ መንግሥት ይመስላል። ታደሰ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ዝም ይላል፣ ቅዳሜ ጠዋት መዝፈን ይጀምራል።

ኑሩ ሾላ ገበያ እህል የሚነግድ፣ ትንሽ የሚናገር ብዙ የሚያይ ሰው ነበር። ሙስሊም ስለሆነ ሰፈሩ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት ነበረው። የተመታ አውሬ ነፍሱ ሳትወጣ መታረድ አለበት። በስመ አብ ብሎ ያረደው ክርስቲያን ከሆነ ሥጋው ለእነታደሰ ነው፣ ኑሩ ቆሎውን ይቆረጥማል። ቢስሚላህ ብሎ ኑሩ ካረደው ሥጋው ለኑሩ ነው፣ እነታደሰ ሽሯቸውን ይበላሉ። በተራ ነበር የሚያርዱት። በዚህ ነገር አንድም ቀን ተኳርፈው አያውቁም። የሚኳረፉት በሻዩ ስኳር ነበር።

አሁን ወደ ተኩሱ ልምጣ። ታደሰ ቆቅ ይመታል። ኑሩ ሲቀናው ሚዳቋ ይመታል። ተኩሶ የማይስተው ቶሎሳ በዚያ ሁሉ ዓመት የመታው ነገር ቢኖር የራሱን የሻይ ጣሳ ነው፤ እሱም ጠመንጃውን ሲወለውል አምልጦት። የእሱ ችሎታ ሌላ ነበር። በነፋስ እሳት ማንደድ ያውቃል። ሰው የት ቢቀመጥ ደስ እንደሚለው ያውቃል። የከፋው ሰው ወደ ሰፈሩ ሲመጣ ምንም ሳይጠይቅ ካላማዳሪያውን በደንብ ይነፋለታል። ይህን የነገረኝ ታደሰ ነው፤ ሳይወድ በግዱ፣ ብዙ ጠይቄው።

ተራራው በወረቀት የፊታውራሪ፣ በልማድ የሁሉም ነበር። ሰዉ ሣር ያጭድበታል፣ ጭራሮ ይለቅምበታል፣ ከብት ይለቅበታል፣ ጠመንጃ ያለው ያድንበታል። ፊታውራሪም ምንም አይሉም ነበር። በኋላ ግራዝማች መጣ። ግራዝማች የጭነት መኪኖች የነበሩት ባለጸጋ ነው፤ የተራራውን ምሥራቅ ጎን ለአደን ብቻ ከፊታውራሪ ተከራየ። ተራራ ለአደን ይከራያል ሲባል ሰፈርተኛው ሳቀ። ሽቦው ሲወጠርና ዘበኛ ሲቆም ግን ሳቁ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር በግራዝማች በኩል ሚዳቋ ነበር፣ በእኛ በኩል የሚዳቋ ወሬ። ወዲያ ማን የት እንደሚተኩስ ይታወቃል። ወዲህ ከሰል አክሳዩ፣ ውሻው፣ ላም ጠባቂው ይተራመሳል። አንድ ቀን አንዲት ጭራሮ ለቃሚ ቁጥቋጦ ውስጥ ያደባውን የታደሰን ባርኔጣ ቆቅ መስሏት በድንጋይ ፈነከተችው። ስለዚህ ታደሰ «እኛም ከፍለን ወዲያ ብንገባ ምን አለበት?» ማለት ጀመረ።

«ሽቦ ውስጥ ያለ ድኩላ በግ ነው» አለው ቶሎሳ። «በግ ካማረህ ሾላ ውረድ፣ ኑሩ ይመርጥልሃል።»

«እሺ እዚህስ ምን አለ?»

«እዚህ ማንም ‹ውጣ› አይለኝም።»

የዚያ ዓመት ክረምት አልፎ በጋው ሲጋመስ ግን የግራዝማች ዘበኞች መፎከር ጀመሩ። ግራዝማች የቀረውንም ጎን ሊከራይ ነው፣ ፊታውራሪን ለቅበላ ተራራው ላይ ሊጋብዛቸው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ የእናንተም ሸራ ይነቀላል አሉ። ያን ሰሞን ቶሎሳ ምንም ነገር በጣቱ መጫን ተወ። ቆርቆሮዋ ውስጥ ተቀምጦ ጎማውን ዝም ብሎ ያያል። ከተማ ውስጥ «አንተ ጎሚስታ፣ ቶሎ በል!» የሚባል ሰው ነበር። ተራራው ላይ ብቻ ነው «ጋሽ ቶሎሳ፣ ምን እናድርግ?» የሚባለው።

ሰፈሩ አንድ ሕግ ነበረው። ሴት አትገባም። ሴት የረገጠችው የአደን ሰፈር አውሬ ይሸሸዋል ይላል ቶሎሳ። አውሬው እኮ ሴት ሳትረግጠውም አይመጣም ነበር።

የቅበላ ቅዳሜ ወላጆቼ ቤቴ መጡ። ሰኞ ጾም ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ፋሲካ ሥጋ የለም። ታደሰ «ቤት እሆናለሁ» ብሎኝ ነበር። በጉ ታረደ፣ ሰዓቱ ሄደ፣ ታደሰ የለም። አባቴ ወደ በሩ እያዩ «ባልሽ ጉዳይ ያዘው?» አሉኝ። ያን ጊዜ ሕፃኗን ለእናቴ ሰጥቼ፣ ቀሚሴን በመቀነት ከፍ አድርጌ ተራራውን ወጣሁት። ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፣ ጉምም ከላይ እየወረደ ነበር።

«ማነው?» አለ ቶሎሳ ከሸራው ሥር።

«የታደሰን ሬሳ ልወስድ የመጣሁ ነኝ።»

«ታደሰ አልሞተም እኮ።»

«ገና ነው» አልኩ።

ታደሰ ከሸራው ወጣና አየኝ፣ ተመልሶ ገባ። ኑሩ ፊቱን አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቶሎሳ ግን አልሳቀም። ወደ ጉሙ አየ፣ ወደ እኔ አየ። በዚያ ጉም መውረድ ገደል መግባት ነው። ሕጉን ማፍረስም ለእሱ ከገደል አይሻልም። በመጨረሻ አንዱን ካላማዳሪያ ከእሳቱ ራቅ አድርጎ አስቀመጠልኝ።

«የታደሰ ሚስት፣ እዚህ ተቀመጪ። ጠመንጃ አትንኪ፣ ጠመንጃ አትሻገሪ። ከቻልሽም ወደ ጠመንጃው አትመልከቺ።»

«መተንፈስስ?»

«በቀስታ።»

ተቀመጥኩ። ጦስኝ የገባበት ሻይ ሰጡኝ። ከዚያ ልነሣና ጣሳ ልጠብ ስል ኑሩ «ተዪው» አለኝ። እሳት ላራግብ ስል ቶሎሳ «ተዪው» አለኝ። ምንም የሚሠራ ነገር የለም። ማንም አልጠራኝም፣ ማንም «የታለ?» አላለኝም። እሳቱ ይንጣጣል፣ የጽዱ ሽታ ይመጣል፣ ወንዶቹ አንድ ቃል ተናግረው ረጅም ጊዜ ዝም ይላሉ። ካገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ነደደኝ። ለካ በየሳምንቱ «ብርድ ነው፣ መከራ ነው» እያሉ የሚደብቁን ይህን ነው! አደኑን ማን ይፈልገዋል? ይህን ነው የከለከሉን።

እሑድ ማለዳ፣ ጉሙ ሲነሣ፣ የቶሎሳ ውጅግራ ጮኸ። «ጣሳውን መታው» አልኩ። ግን ወዲያው ጩኸት ተሰማ። ኑሩ ቢላውን ይዞ ሮጠ፣ እኔም ተከተልኩት።

ቶሎሳ ድኩላ መትቷል! ትልቅ፣ ጥቁር፣ ቀንዱ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠመዘዘ ወንድ ድኩላ። በሰፈራችን በኩል ተመትቶ፣ ደሙን እያዘራ ሽቦውን ዘሎ፣ በግራዝማች መሬት ላይ ነው የወደቀው። ቶሎሳም ከደስታው ብዛት ሽቦውን ዘሎ ከአጠገቡ ቆሟል። ታደሰ ደግሞ ከሽቦው ወዲህ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። ያ ሰው ሁልጊዜ ከሽቦው ወዲህ ነው የሚቆመው።

ግራዝማች ከነዘበኞቹ ደረሰ። ከኋላው ፊታውራሪ በበቅሎ። ግራዝማች ለግብዣው በግ እንኳ አላስመጣም ነበር፤ «ለቅበላ ከራሴ መሬት ድኩላ ነው የማበላዎት» ብሎ ምሎላቸዋል። ጠዋቱን ሙሉ ተኩሰው ያገኙት ነገር አልነበረም።

«ፊታውራሪ፣ ይኸው ያልኩዎት!» አለ ግራዝማች። «ሽቦዬን ጥሶ ገብቶ የእኔን ድኩላ ገደለ። እነዚህን ነው ተራራው ላይ ያስቀመጡልኝ።»

«የማነው ድኩላ?» አለ ቶሎሳ። «ቀድሞ ያደማ ነው ባለቤቱ። አዳኝ የሆነ ሁሉ ያውቃል።»

«መሬቱ የማነው?»

«ደሙ የማነው?»

ዘበኛው ቢላ አወጣ። ቶሎሳም ቢላ አወጣ። ያረደ ባለቤት ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲጎነበስ ሌላው እጁን ይይዘዋል፣ ሌላው ሲጎነበስ አንዱ ይገፋዋል። ድኩላው እግሩን ያወራጫል፣ ዓይኑ እየፈዘዘ ነው።

ፊታውራሪ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው «ደሙም ያከራክራል፣ መሬቱም ያከራክራል» አሉ። «እናንተ ስትከራከሩ ግን በክት መሆኑ ነው። እኔም ርቦኛል።»

ቶሎሳን አየሁት። ድኩላውን ከተወ ሌባ መሆኑን አመነ ማለት ነው። ከወሰደ ፊታውራሪ ፊት ነጠቀ ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ሰፈሩ ይሄዳል። ድንኳኑ ውስጥ ጥቅሻ ያላችሁት የት ነበር? ያ ሰው እንኳን ሊጠቅስ፣ ዓይኑን መክደን አቅቶት ነበር።

ኑሩ ከእኔ ጋር ሽቦውን ሾልኮ ገብቶ አጠገቤ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ «ጋሽ ኑሩ» አልኩት። «በክት ከሚሆን እርስዎ አይባርኩትም?»

ኑሩ ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ከዚያ ፈገግ አለ። ሁለቱ ባለቢላዎች ተያይዘው ሲገፋፉ በመካከላቸው ገብቶ ተንበረከከ፣ የድኩላውን ራስ ወደ ቂብላ አዞረና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቢስሚላሂ አላሁ አክበር!» አለ። አለቀ።

ግራዝማች አፉን ከፈተ።

«አንተ! ምን አደረግህ?»

«በክት ሊሆን ነበር እኮ፣ ግራዝማች» አለ ኑሩ ቢላውን በሣር እየጠረገ። «ነውር ነው። ይውሰዱት እንጂ።»

«የእስላም ሥጋ ወስጄ ምን ላደርገው ነው? ዛሬ ቅበላ ነው!»

ቶሎሳ ግን ገና አልገባውም ነበር። «ኑሩ…» አለ፣ ሊያለቅስ ደረሰ። «ኑሩ፣ የእኔ ድኩላ… ተራው የእኔ እኮ ነበር…» በዕድሜው የመታው አንድ ድኩላ ነው፤ አንዲት ጉርሻ እንኳ ላይቀምሰው ነው። ከዚያ ግራዝማችን አየ፣ ኑሩን አየ፣ ፊቱ ቀስ በቀስ በራ። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«እንግዲህ ደሙ የእኔ ነው፣ ቢስሚላሁ የኑሩ ነው፣ መሬቱ የእርስዎ ነው። መሬትዎን ይዘው ይግቡ።»

ይህች ንግግር የእሱ ናት። አልነጥቀውም።

ፊታውራሪ መሳቅ ጀመሩ። ከሆዳቸው ነው የሳቁት፣ በቅሎዋ ጆሮዋን እስክታቆም። «የዘንድሮን ቅበላ አበላኸኝ!» አሉት ግራዝማችን። «አንድ ድኩላ ላይ ማዘዝ ያቃተህ ሰው ነህ የተራራውን ቀሪ ስጠኝ የምትለኝ? ተወው፣ እንዳለ ይሁን። በል ና፣ ሥጋ ያለበት ቤት እንፈልግ።» በቅሎዋን ሲያዞሩ እኔን አዩኝ። «ያቺ ሴትዮ ደግሞ ማናት?»

«የትኛዋ ሴትዮ?» አለ ቶሎሳ።

ፊት ለፊቱ ቆሜ ነበር። በቀሚሴ ላይ የድኩላው ደም ነበር።

በዚያ ቀን ሾላ ድኩላ በላች፤ የኑሩ ጎረቤቶች በሙሉ። ቶሎሳ ሽሮ በልቶ፣ በሽሮው ላይ ተነሥቶ «ዘራፍ!» ብሎ ፎከረ። ከዚያ በፊት ግን፣ ከተራራው ስንወርድ፣ ወደ ኋላ ቀረና ጠበቀኝ።

«የታደሰ ሚስት።»

«አቤት።»

«ዛሬ አንቺ አልነበርሽም።»

«የት ነበርኩ?»

«ቤትሽ። ሴት ገብታ ድኩላ ተመታ ከተባለ ነገ ሁሉም ሚስቱን አስከትሎ ይመጣል። ሰፈሩ ሰፈር መሆኑ ቀረ ማለት ነው።»

«ጋሽ ቶሎሳ፣ ግራዝማች ሰዉን የከለከለው በሽቦ ነው። እርስዎ እኛን በምን ከለከሉን?»

የጠመንጃውን ሰደፍ በአውራ ጣቱ ይጫን ጀመር።

«በአፌ» አለ በመጨረሻ። መዋሸት ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

«ተራራው የሁሉም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው አልነበርኩም፤ እርስዎ በሕይወት እስካሉ ድረስ ትንፍሽ አልልም። ግን በየዓመቱ አንድ ቅዳሜ ወንድ የሚባል እዚያ አይደርስም።»

«የት ይሆናል?»

«ቤቱ። ሕፃን ይዞ።»

ቆመ። «ጫልቱም?» አለ። ጫልቱ ሚስቱ ናት።

«መጀመሪያ ጫልቱ።»

ስንት ወንድ ቃሉን እንደበላ አይቻለሁና እሱንም አላመንኩትም ነበር። ፋሲካ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ለእነታደሰ «አውሬው ይረፍ፣ ዛሬ አንወጣም» አላቸው። ራሱ ሸራውን ተሸክሞ ወጣ፣ እንጨቱን ከመረ፣ ካላማዳሪያዎቹን በፖምፓ ነፋ፣ እያንዳንዱን በጣቱ ጫን ጫን እያደረገ አየ። ጫልቱ፣ የኑሩ ሚስት ዘይነባና እኔ ስንደርስ «ስኳሩ እዚህ ነው» ብሎ ወደ ኋላ ሳያይ ወረደ። ታደሰ ያን ቀን እናቴ ጋ የሄድኩ መስሎት ነበር። ሲሞትም እንደመሰለው ነው።

ምን እንዳወራን አልጽፍም። ሦስት ሴቶች ነበርን፣ ሁለቱ የሉም፣ እኔም አልናገርም።

ጠዋት ቶሎሳ ሸራውን ሊያነሣ መጣ። ግን አልገባም። ጽዱ ጋ ሲደርስ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። እኛ ሻያችንን ይዘን ዝም አልን። እንደገና ጠረገ።

«ፀሐይ ወጥቷል እኮ» አለ። «ልግባ?»

እኔና ዘይነባ ተያየን። የመለሰችለት ጫልቱ ናት፣ ከካላማዳሪያዋ ላይ ቀና እንኳ ሳትል።

«ቆይ።»

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ምንም» አለችው። «እስክንጨርስ ቆይ።»

ባርኔጣውን አውልቆ ጽዱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሻይም አልላክንለትም።